ቅዱሱ በለይቶ ማቆያ

አናክሌቶ ያውሪ ድልድዩን በሰንሰለት የዘጋው መንግሥት ከማዘዙ በፊት ነው። ይህን ራሱ ደጋግሞ ይናገራል። «ሊማ ያሉት ገና ሲማከሩ እኛ ቆልፈን ጨርሰን ነበር» ይላል። ሰንሰለቱ በሬ የሚታሰርበት ነው። ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይውላል። ድሮ እዚያ ቦታ ላይ መስቀል ነበር፤ መስቀሉ ወደ ኪስ ወረደ።

በወጣትነቱ ለውትድርና ተመልምሎ የባሕር ዳርቻው አውራ ጎዳና ላይ ኬላ ጠብቋል። ጦርነት አላየም። ያየው የጭነት መኪና ነው። ከዚያ ይዞ የተመለሰው አንዲት ቃል ናት፤ «ወረቀት!» ወደ መንደራችን ወደ ቺርማይ ከተመለሰ በኋላ ቃሏን የሚጠቀምባት ቦታ አጣ። እዚህ ተራራ ላይ ድንች ወረቀት አይዝም፤ በግም አይዝም። ወረርሽኙ ሲመጣ ግን ቃሏ ሥራ አገኘች። እኔ ጎረቤቱና አበልጁ ነኝ፤ ኬላው ላይ ተረኛ ሆኜ አብሬው ቆሜያለሁ።

ቺርማይ አንድ ድልድይ፣ አንድ የመስኖ ቦይና አንድ ትምህርት ቤት አላት። ከሦስቱ የሚከበረው ቦዩ ነው። መሬት ሁሉም አለው፤ ውሃ ግን በተራ ነው። ተራው የሚደለደለው በግንቦት አጋማሽ፣ በገበሬው በቅዱስ ኢሲድሮ ቀን ነው። የቅዱሱን ምስል በቃሬዛ ተሸክመው ያስጨፈሩት አራት ሰዎች የዓመቱን የመጀመሪያ ውሃ ያገኛሉ፤ ሌላው ከእነሱ ኋላ ይሰለፋል። የዓመቱ ደጋሽ ከአራቱ አንዱ ነው። የፊተኛውን ቀኝ እጀታ ይዞ ይጨፍርና የውሃ ዳኛነቱን በትር ይረከባል። በበዓሉ ያልተገኘ ሰው ውሃ የለውም። የመሬቱ ካርታ እጁ ላይ ቢኖርም የለውም። ውሃ የሌለው መሬት ደግሞ የፍየል ነው።

ወደ ሊማ የሚሄድ ሰው እንግዲህ ውሃውን ጥሎ ነው የሚሄደው። የአናክሌቶ ወንድም አቢልዮ እንደዚያ ሄደ፤ እዚያው ሞተ። ከቦዩ በታች ያለውን ማሳውን፣ ከመንደሩ አንደኛውን የበቆሎ መሬት፣ አናክሌቶ «ጦም እንዳያድር» ብሎ ያዘው። ሃያ ዓመት ያህል ጦም እንዳያድር ጠበቀው።

በወረርሽኙ ዓመት ደጋሹ እሱ ነበር። ለዓመታት ተራውን ጠብቋል፤ የሚታረደውን በሬ ራሱ አሳድጓል። የውሃ ዳኛ ሳይሆን መሞት አይፈልግም። ከዚህ ሌላ ምኞት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

በመጋቢት የመንደሩ ጉባኤ ተጠራ። እኛ ዘንድ ጉባኤ የወሰነውን የሚያፈርሰው ጉባኤ ብቻ ነው፤ ሊቀመንበርም ቄስም አይነካውም። እጅ ይወጣል፣ አለቀ። አናክሌቶ ሁለት ሐሳብ አቀረበ። ድልድዩን የተሻገረ ሁሉ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ዐሥራ አራት ቀን ተለይቶ ይቆይ፤ ከዚያ ጉባኤው ያስገባዋል፣ ይህ አንዱ ነው። ሌላው ደግሞ፣ ሬዲዮው ወረርሽኙ አበቃ እስኪል ድረስ ስብሰባ ክልክል ይሁን የሚል ነበር። ሁለቱም በሙሉ ድምፅ አለፉ። አጨብጭበን ወደየቤታችን ሄድን። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ የተያዙት ዶን ሲፕሪያኖ ናቸው፤ በትሩን የያዙት አሮጌው የውሃ ዳኛ። አህያቸው ማዶ ጠፍታ ሊፈልጓት ሄደው፣ ሲመለሱ ሰንሰለቱ ተወጥሮ ጠበቃቸው።

«ወረቀት!» አላቸው አናክሌቶ።

«የምን ወረቀት? ክርስትና ስትነሳ ሻማ የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«እሱን አውቃለሁ ዶን ሲፕሪያኖ። ከየት ነው የመጡት?»

«ከአህያዬ!»

«አህያዋ ትለፍ። እንስሳ አይዘውም ብሏል ሬዲዮው። እርስዎ ወደ ትምህርት ቤት።»

አህያዋ ብቻዋን ወደ ቤቷ ሄደች። ሽማግሌው ሁለተኛ ክፍል ገቡ። ዐሥራ አራቱን ቀን ጨረሱና ወደ በሩ መጡ፤ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባን። የሚያስወጣቸው ጉባኤ ነው፤ ጉባኤ ደግሞ መሰብሰብ አይችልም። ዶን ሲፕሪያኖ ብዙ አልተከራከሩም። ምራታቸው ምግባቸውን በሩ ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች፤ ስትጮህባቸው ሳትውል የቀረችበት የመጀመሪያው ወር ነበር። «ተዉኝ፣ ተመችቶኛል» አሉ።

በሚያዝያ ከሊማ በእግራቸው የወጡት ደረሱ። ሦስት ናቸው። ሮኬና ሚስቱ ዙሌማ፣ የዚሁ መንደር ልጆች፣ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ይሠሩ የነበሩ። ሦስተኛዋ ኔሊዳ፣ የአቢልዮ ልጅ። ምግብ ቤት ወጥ ትሠራ ነበር። ምግብ ቤቱ ሲዘጋ አከራይዋ አስወጣቻት፤ አውቶቡስ ክልክል ስለሆነ የባቡር ሐዲዱን ተከትላ ተራራውን ወጣች። ጫማዋን በሲባጎ አስራዋለች።

«ወረቀት!»

«አጎቴ፣ እኔ ነኝ። ኔሊዳ።»

«ማስክሽን አውርጂና ልይሽ» አላት። ወዲያው ደነገጠ። «ተይ! አታውርጂ!»

«ላውርድ ወይስ አላውርድ?»

«አታውርጂ። ምን አመጣሽ?»

«እግሬ።»

ሮኬ ሳቀ። አናክሌቶ አልሳቀም።

«እዚህ ሥራ የለም» አላት።

«የአባቴ ማሳ አለ አይደል? አርሼ እበላለሁ።»

አናክሌቶ ቁልፉን በጣቱ አሻሸ። «ማሳው አለ» አለ በመጨረሻ። «የሌለው ውሃ ነው።»

ኔሊዳ ከሰንሰለቱ ማዶ ሆና ከቦዩ በታች ወዳለው መሬት ጠቆመች። በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ ነበር።

«ያ ሁሉ ምን ጠጥቶ አደገ?»

«የእኔን ውሃ።»

«እግዜር ይስጥልኝ አጎቴ፣ ስላጠጡልኝ።»

«ትምህርት ቤት!» አለ አናክሌቶ።

ቀናቸውን ሲጨርሱ ኔሊዳ አጥሩ ላይ ተንጠላጥላ ጠራችው። «አጎቴ! ጨርሰናል! ማንም አላሳለም!»

«ጉባኤው ያስገባችሁ!»

«ጉባኤው መቼ ነው?»

«ስብሰባ ክልክል ነው!»

ይህን ሲላት ፊቱ ላይ ያየሁትን እርካታ፣ ድንች ተወዶለት በሸጠበት ዓመት እንኳ አላየሁበትም። ነገሩ ግልጽ ነበር። በዓሉ ሲያልፍ ቢወጡም ባይወጡም ውሃው ተደልድሎ አልቋል። ሚስቱ ፊደንሲያ አጠገባችን ቆማ ሱፍ ትፈትል ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ የምትፈራው በሽታውን ነው ወይስ ማሳውን የሚይዘውን የልጅቷን እጅ?»

«ሕግ ነው።»

«ሕጉንማ አውቀዋለሁ። ሲወለድ ነበርኩ።»

ይህን ሁሉ ያሰበ ሰው አንድ ነገር አላሰበም። ቅዱሱ መንደር ውስጥ አልነበረም።

ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር፣ የአንታፓምፓ ሰዎች ቅዱስ የላቸውም፤ ያላቸው በረዶ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ከጾሙ በፊት ከሚውለው ከካርኒቫል ጀምሮ ኢሲድሮን እናውሳቸዋለን። በረዶው እስኪያልፍ እነሱ ጋ ይቆይና ለበዓሉ ይመለሳል። ዘንድሮ ሰንሰለቱ ሲወጠር ማዶ ቀረ። ልማዱ ደግሞ ጠንካራ ነው፤ ቅዱሱ በበዓሉ ቀን የጨፈረበት መንደር ዓመቱን ያቆየዋል። በአያቶቻችን ጊዜ በዚህ የተነሳ ድንጋይ ተወራውረናል፤ ጥርስ ረግፏል።

አናክሌቶ አልተጨነቀም ነበር። ሬዲዮው እገዳው ዐሥራ አምስት ቀን ነው አለ። ሲያልቅ ሌላ ዐሥራ አምስት ጨመረ። እንደገና ጨመረ። አናክሌቶ ሬዲዮ ያምናል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ይሄ የመጨረሻው ነው ብሎ ጠበቀ። ግንቦት ሲገባ ድልድዩ ጫፍ ላይ ቆሞ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ።

«ዶን ኡርባኖ! ቅዱሳችንስ?»

ዶን ኡርባኖ የአንታፓምፓ ሊቀመንበር ነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ኮካ ቅጠሉን ያላምጣል።

«ደህና ነው! ዘንድሮ በረዶ አልነካንም! ይመስገን!»

«አምጡልን እንጂ!»

«በየት በኩል? ሰንሰለት አለ!»

«እከፍታለሁ!»

«ስንመለስስ? እኛም እኮ ኬላ አቁመናል! ካንተ ነው የተማርነው!»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«አታስብ ወንድሜ! እዚሁ እናስጨፍረዋለን! ወገባችን ጤነኛ ነው!»

ማዶ ያሉት ሲስቁ ወንዙ ድምፁን አልሸፈነውም። አናክሌቶ በዚያ ቀን ምሳውን አልበላም። ለሦስት ቀን ያህል በጩኸት ተደራደሩ፤ በመጨረሻ የበሬው ግማሽ ለአንታፓምፓ እንዲሆን፣ እነሱ ደግሞ ቅዱሱን ድልድዩ መሃል ላይ አስቀምጠው እንዲመለሱ ተስማሙ።

ርክክቡ በሆነበት ጠዋት ስብሰባ ክልክል ስለነበረ ማንም ለማየት አልመጣም። ሁላችንም በጋችን ጠፍቶብን ነበር። መንደሩ በሙሉ ድልድዩ አጠገብ በጉን ይፈልጋል።

የአንታፓምፓ ሰዎች ቃሬዛውን አወረዱ፤ የመርጫ ጣሳ በጀርባው ያዘለ ሰው ቀርቦ ኢሲድሮን ከባርኔጣው እስከ እግሩ ሥር ያሉት የሸክላ በሬዎች ድረስ በረኪና አጠጣው።

«ንጹሕ ነው!» አለ ዶን ኡርባኖ። «ትናንትም ረጭተነዋል፣ ከትናንት ወዲያም!»

ያን ጊዜ ጢሙን አየነው። ሲሄድ ጥቁር ነበር፤ አሁን የገለባ ቀለም ይዟል። አንዲት ሴት «ምነው አረጀ?» አለች።

አናክሌቶ ሰንሰለቱን ፈታና አንድ እርምጃ ተራመደ።

«ቆይ» አለች ፊደንሲያ። «ድልድዩን የተሻገረ ሁሉ አልነበረም ያላችሁት?»

«ቅዱስ ነው እኮ ሴትዮ!»

«ዶን ሲፕሪያኖስ ምንድን ናቸው፣ ሌባ?»

«ይሄ እንጨት ነው! እንጨት አይታመምም!»

ሴቶቹ አማተቡ።

«እንጨት አልከው?» አለች ፊደንሲያ ቀስ ብላ።

«እንደሱ ማለቴ አይደለም።»

«እንጨት ከሆነ ደግሞ በሽታው እንጨት ላይ ቀናት ይቆያል ብሏል ሬዲዮህ።»

«እንጨት አይደለም አልኩሽ!»

«እንግዲያው ተሻጋሪ ነው።»

«የዶን ሲፕሪያኖ አህያ አልፋ የለ?» አለ አንዱ ከኋላ፣ ሊረዳው ብሎ።

«ኢሲድሮን ከአህያ ጋር?» አሉ ሦስት ሴቶች ባንድ ጊዜ። ከዚያ በኋላ ሊረዳው የሞከረ የለም።

አናክሌቶ ወደ እኔ ዞረ። አጠገቤ ማርሴሊኖ ቆሞ ነበር። በሚያዝያ ወንድሙ ማዶ ሲሞት ለቀብር ልሻገር ብሎ ለምኖ፣ አናክሌቶ «ስትመለስ ትምህርት ቤት ትገባለህ፤ ላሞችህን ማን ያልባል?» ብሎ አስቀርቶታል። ማርሴሊኖ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ አናክሌቶን ያየዋል፣ ያ ብቻ ነው።

«ወደ ትምህርት ቤት» አለ አናክሌቶ። ከአንደኛው ረድፍ ውጭ የሰማው ያለ አይመስለኝም።

«ማን ይሸከመው?»

የነካው ሰው አብሮ ይገባል። የድንች መቆፈሪያ ወቅት ነው፤ እጁን ያወጣ አልነበረም። ስለዚህ ቀድሞውኑ ውስጥ ያሉት ተጠሩ። ኔሊዳ፣ ሮኬና ዙሌማ ከትምህርት ቤቱ ወረዱ፤ አራተኛውን እጀታ ዶን ሲፕሪያኖ ያዙ። ዳገቱን ሲወጡ ሽማግሌው ትንፋሽ አጠራቸውና ሳል ጀመራቸው።

«አያስሉ ዶን ሲፕሪያኖ!» ጮኸች ፊደንሲያ። «ሰው እያየ ነው!»

ኔሊዳ አጎቷ አጠገብ ስትደርስ እርምጃዋን አላቆመችም። «እንግዳ ላኩብን አጎቴ። ደግሞ ይሄኛው ምግብ አያስቸግርም።»

በዓሉ የሚውለው ቅዱሱ ቀኑን ሳይጨርስ ነው። አናክሌቶ ይህን ያሰላው ዘግይቶ ነው፤ ሲገባው ቤቴ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«አበልጄ፣ ኢሲድሮ ውስጥ ሆኖ ካልጨፈረ በዓል የለም። በዓል ከሌለ በትር የለም።»

«ውስጥ ያሉት ያስጨፍሩት።»

«የፊተኛውን ቀኝ ማን ይይዛል?»

«ኔሊዳ ትይዘዋለች።»

እንደ ተመታ ሰው አየኝ። ደጋሹ የሚይዘውን እጀታ ሌላ ሰው ከያዘው በትሩም የዚያ ሰው ነው።

«ብገባስ?»

«ከገባህ አትወጣም።»

«አውቃለሁ።»

«የሚሸከሙት ሦስቱስ? የመጀመሪያው ውሃ የእነሱ ነው።»

«ዳኛው እኔ ከሆንኩ እሱን አያለሁ» አለ። ምን እንደሚያይ አልነገረኝም፤ እሱም የሚያውቅ አልመሰለኝም።

በበዓሉ ጠዋት አዲሱን ፖንቾ ለብሶ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ። በሩ ላይ ቁልፉን ከአንገቱ አውጥቶ ለእኔ ዘረጋ። ፊደንሲያ መሃል ገብታ ወሰደችና አንገቷ ላይ አደረገችው። አናክሌቶ ገባ፤ በሩ ከኋላው ተዘጋ።

መንደሩ በትምህርት ቤቱ ዙሪያ ኮረብታው ላይ ተበትኖ ተቀመጠ፤ አሁንም ሁሉም በግ እየፈለገ ነው። በገናውና ቫዮሊኑ ከአጥሩ ውጭ ተመቱ። የበቆሎ ጠላው በባልዲ ታስሮ በግንቡ ላይ ወረደ፤ የበሬው ሥጋም በባልዲ ተከተለ። ፊደንሲያ ለቅዱሱ ከጥልፍ ጨርቅ ማስክ ሰፍታለት ነበር፤ የነጣ ጢሙ ከሥሩ ወጥቶ ይታያል። አናክሌቶ ፊት በቀኝ፣ ኔሊዳ ፊት በግራ፣ ባልና ሚስቱ ከኋላ ሆነው አነሱት።

እውነት ለመናገር ጥሩ ጨፈሩ። ሊማ የቆዩት እርምጃውን አልረሱም። አናክሌቶ ግን ሲያነክስ ዋለ፤ ለወራት የቆመው ድልድይ ላይ ነው፣ ጉልበቱ ተይዟል። ሲዞሩ ሚዛኑ ወደ እሱ ባጋደለ ቁጥር ኔሊዳ ትከሻዋን ዝቅ ታደርግለት ነበር። እሱ ያየ አይመስለኝም። ኮረብታው አይቷል።

ሲጨርሱ ዶን ሲፕሪያኖ በትሩን በአልኮል ወልውለው ሰጡት። ልማዱ እዚያው፣ ላብ ሳይደርቅ፣ አዲሱ ዳኛ ተሸካሚዎቹን እየጠራ ማሳቸውን እንዲያስነግር ነው።

«ሮኬ! የት ነው መሬትህ?»

«የአያቴ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ!»

«የመጀመሪያ ውሃ! ዙሌማ!»

«የእናቴ፣ ገደሉ ሥር!»

«የመጀመሪያ ውሃ!»

ከዚያ ቆመ። ኔሊዳ እስክትጠራ አልጠበቀችም።

«የአቢልዮ ማሳ። ከቦዩ በታች።»

አናክሌቶ በትሩን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወረ። ኮረብታው ላይ ንፍሮ ማላመጡ ቆመ። ቅዱሱን የተሸከመን ሰው ውሃ የነፈገ ዳኛ በመንደራችን ተሰምቶ አያውቅም፤ ቢነፍግ በትሩ በዚያው ሰዓት ወደ ቀድሞው ዳኛ ይመለሳል። ዶን ሲፕሪያኖ እጃቸውን ዘርግተው ነበር።

«ከበደህ እንዴ ልጄ?» አሉት።

አናክሌቶ ሽማግሌውን አየ፤ ከአጥሩ ውጭ ያለነውን አየ። ከዚያ በኬላው ድምፁ ጮኸ።

«የአቢልዮ ማሳ! የኔሊዳ! የመጀመሪያ ውሃ!»

ማርሴሊኖ በጣቶቹ አፏጨ። ሙዚቃው ቀጠለ።

ከበዓሉ ማግስት ምግብ ላደርስ ሄጄ አናክሌቶን የመምህሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። በትሩ ጭኑ ላይ ነው። ኔሊዳ ግቢው ውስጥ ንፍሮ ቀቅላ ነበር፤ አንድ ሳህን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

«ይብሉ የውሃ ዳኛ። ጨው የለውም፤ ጨው ገና አልተፈቀደልንም።»

በላ።

ከትምህርት ቤቱ መስኮት ከቦዩ በታች ያለው ማሳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፊደንሲያ ሰዎች ይዛ ገብታ በቆሎውን እየሰበሰበች ነው። ከሩቅ ወደ ላይ ጮኸች።

«አናክሌቶ! የማን ጎተራ ነው የማስገባው?»

አናክሌቶ አፉ ውስጥ ያለውን አላምጦ እስኪውጥ ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ኔሊዳ በመስኮቱ አንገቷን አወጣች።

«የዘንድሮው የእሳቸው ነው! የዘራ ይሰብስብ! አገዳውን ግን ተዪልኝ! ለሚያርስልኝ በሬ መኖ ይሆናል!»

ፊደንሲያ እጇን አወዛወዘች። ኔሊዳ ተመልሳ ሳህኑን አነሳች።

አናክሌቶ ወደ ማሳው እያየ ተቀመጠ። «አገዳው ለሁለት በሬ ይበቃል» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «ሳይደርቅ ግን አትከምሪው። ይሻግታል።»